የቅዳሜ ዓረፍተ ነገር

ጃንዩወሪ 26፣ 2025፣ እሑድ

በቅደም ተከተል፦

2011፣ ጁላይ። ከአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በታሪክ የማስተርስ ዲግሪ ተቀበልሁ።
2016፣ ኦክቶበር። ላስ ቬጋስ ገባሁ።
2018፣ ማርች። በሜዲካል ዲስትሪክት ካሉት ሆስፒታሎች በአንዱ፣ በሕክምና መዝገብ ክፍል ሥራ ጀመርሁ። ሐኪሞች የጻፉትን የሕመም ስም ወደ ቁጥር እመልሳለሁ።
2023፣ ኦገስት። ለዶክትሬት ጥናት ተመዘገብሁ። ጥናቴ በአስራ ሰባተኛው መቶ ዘመን ወደ ኢትዮጵያ የመጡ ሚሲዮናውያን በጻፏቸው ደብዳቤዎች ላይ ነው። ደብዳቤዎቹ በላቲን ናቸው።
2024፣ ኖቬምበር። የመኖሪያ ወረቀቴን ለእድሳት አስገባሁ። እስኪመለስ ከአገር አልወጣም።
2024፣ ዲሴምበር 11። አባቴ ናዝሬት ሆስፒታል ገቡ። ሕመሙ የሳንባ ነው።
2024፣ ዲሴምበር 19። ወደ ቤት ተመለሱ። የኦክስጅን ማሽን ተከራይቶላቸዋል።
2025፣ ጃንዩወሪ 21። መካከለኛ ላቲን ተጀመረ፤ ማክሰኞና ሐሙስ ማታ።
2025፣ ኤፕሪል 25። የትርጉም ፈተና። አንድ ገጽ፣ መዝገበ ቃላት ይፈቀዳል። የወደቀ በጥናቱ አይቀጥልም።

ከዚህ በላይ ያለው የተረጋገጠ ነው። ደብተሩን የያዝሁት መምህሩ ስላዘዙን ነው፤ በየቀኑ ምን ያህል እንደተረጎምን፣ የት እንደተሳሳትን እንድንመዘግብ። በምን ቋንቋ እንደምንጽፈው አልተናገሩም።

የቅዳሜውንም መመዝገብ አለብኝ። ቅዳሜ ጠዋት፣ በናዝሬት ሲመሽ፣ ለአባባ እደውላለሁ። ከሳምንቱ መልመጃ አንድ ዓረፍተ ነገር መርጬ ትርጉሜን አነብላቸዋለሁ፤ ያርሙታል። ላቲን አያውቁም። «ላቲኑ የራሱ ጉዳይ ነው፤ እኔ የምፈልገው አማርኛሽ እንዳያነክስ ነው» ይላሉ። ዕድሜያቸውን የፈጁት ናዝሬት ቴሌ፣ የቴሌግራም መስኮት ላይ ነው። የቴሌግራም ዋጋ በቃል ስለነበር፣ ሰው ይዞት የሚመጣውን ሐተታ ማሳጠር የእሳቸው ሙያ ነበር። አንድም ቀን «ጥሩ ነው» ብለውኝ አያውቁም። ሲረኩ «ይሂድ» ይላሉ፤ ቅጹን ተቀብለው ለደንበኛው እንደሚሉት።

ፌብሩዋሪ 1፣ ቅዳሜ

ኑንቲዩስ፣ ኩም አድ ፖርታም ዌኒሴት፣ ታኩዊት።

«መልእክተኛው ወደ በሩ በመጣ ጊዜ ዝም አለ» ብዬ አነበብሁ።

«ስንት ቃል ነው?»

«ሰባት።»

«'መልእክተኛው በር ደርሶ ዝም አለ።' አምስት። የሁለቱን ቃል ሒሳብ ማን ነው የሚከፍልልሽ?»

ላቲኑ «በመጣ ጊዜ» የሚል ሙሉ ሐረግ እንዳለው ልገልጽላቸው ሞከርሁ። «ሮማዊው ሀብታም ነበር ማለት ነው» አሉ። ቀጥለውም፣ «ለምንድን ነው ግን ዝም ያለው?»

«ዓረፍተ ነገሩ አይናገርም።»

«ክፉ ወሬ ይዟላ! ደግ ወሬ የያዘማ ገና ከመንገድ ነው የሚጮኸው። ይሂድ።»

ሳላቸው ከባለፈው ሳምንት አልባሰም። ድምዳሜ ግን አይሆንም።

ፌብሩዋሪ 9፣ እሑድ

ዛሬ ንጋት ላይ ለታየች መርዶ ተነገራት። ታየች በሆስፒታላችን የመኪና ማቆሚያ ገንዘብ ተቀባይ ናት። ወንድሟ ጎንደር ላይ ከሞተ ሁለት ሳምንት አልፎታል፤ የነርስነት ፈተናዋን እስክትጨርስ ተብሎ ተደብቆ ነበር። ፈተናው ትናንት አለቀ።

አሠራሩን አስተውያለሁ። ሥራውን የሚመሩት ጋሽ መልከጼዴቅ ናቸው፤ በሰማንያዎቹ በሱዳን በኩል መጥተው፣ ታክሲ ሲነዱ ኖረው ጡረታ የወጡ፣ አሁን ከልጃቸው ከሜሪ ጋር አንተም በሚባለው ሰፈር የሚኖሩ ሽማግሌ። በዋዜማው አንድ ሰው ለሐዘንተኛው ደውሎ «ነገ ሺፍት አለሽ?» ብሎ ይጠይቃል። ገና ሳይነጋ መኪኖቹ ከቤቱ አንድ መንገድ ርቀው መብራት አጥፍተው ይሰበሰባሉ። እዚያ ሥራ ይከፋፈላል።

«አንቺ ስልኳን ትይዢያለሽ። አንተ በሩ ላይ። ዘይነባ፣ አንቺ ከጎኗ ሁኚ፤ ጉልበት አለሽ።»

«ፍራሽ ስገለብጥ ያፈራሁት ጉልበት ነው ጋሼ፣ የትም አይሄድ» አለች ዘይነባ። ጎረቤቴ ናት፤ የወሎ ልጅ፣ ስትሪፕ በሚሉት የካዚኖ ጎዳና ላይ ሆቴል ውስጥ ክፍል ታዘጋጃለች።

«ሀሌታ፣ አንቺ መስታወቱን።»

መስታወቱን ማለት፣ ሐዘንተኛው ሲወድቅ እንዳይጎዳ ጠረጴዛውን፣ ብርጭቆውን፣ የሚሰበረውን ሁሉ ከመሐል ማውጣት ነው። በትክክል ፈጸምሁ።

ታየች በሩን ስትከፍት ነጠላችን የተዘቀዘቀ መሆኑን አየች። ማንም ሳይናገር ገባት። ብዙ ቆይታ፣ ድምፅዋ ሲዘጋ፣ ዘይነባን «ሐሙስ ዕለት ስታስቂኝ ታውቂ ነበር?» አለቻት።

«አውቅ ነበር እህቴ።»

«እንዴት ቻልሽበት?»

ዘይነባ ወደ ራሷ ጠጋ አደረገቻት። የዛሬ ትርጉም፦ ዜሮ መስመር።

ፌብሩዋሪ 15፣ ቅዳሜ

ስለ ታየች ለአባባ ነገርኋቸው።

«እኔ ምን ስሠራ የኖርሁ ይመስልሻል?» አሉ። «ሰውየው ሞቷል። ቤተ ዘመዱ መስኮቴ ላይ ቆሞ ያለቅሳል። ቅጹ ላይ የምንጽፈው ግን 'አባት በጠና ታሟል ቶሎ ና' ነው።»

«ተቀባዩ አይገባውም ነበር?»

«ይገባዋል እንጂ! ለደህና ነገር ማን ቴሌግራም ይልካል? ግን እቤቱ እስኪደርስ የሚሄድበት እግር ያስፈልገዋል። ሞቷል ካልሽው እዚያው ቁጭ ይላል።»

«ታዲያ ውሸት አይደለም?»

«አምስት ቃል ነው» አሉና ሳቁ። ሳቁ ወደ ሳል ተለወጠ። ስልኩን ሰርፀ ተቀበለ። ሰርፀ ታናሽ ወንድሜ ነው፤ አብሯቸው ይኖራል። «ነገ ይሻላቸዋል» አለኝ።

ፌብሩዋሪ 27፣ ሐሙስ

የፍርሃት ግሦች። ቲሜኦ ኔ ኑንቲዩስ ዌኒያት፤ መልእክተኛው እንዳይመጣ እፈራለሁ። የክፍሉ ተማሪ በሙሉ ተሳሳተ። ሰውየው የሚፈራው መምጣቱን ሆኖ ሳለ የአሉታ ቃል ለምን እንደገባ አልታያቸውም። እኔ አልተሳሳትሁም፤ በአማርኛም የምንፈራው እንዲሁ ነው። መምህሩ እንዴት እንዳገኘሁት ጠየቁኝ። «በእኛም ቋንቋ እንዲህ ነው» አልሁ። ከዚያ በላይ አላብራራሁም።

ከክፍል ስመለስ ዘይነባን ደረጃው ላይ አገኘኋት። መዝገበ ቃላቱን አይታ፣ «ውይ አንቺ ልጅ፣ አሁንም የሙታን ቋንቋ? በሕይወት ካሉት ጋርስ መቼ ልታወሪ ነው?» አለች። በየሳምንቱ የምትለው ነው።

ማርች 11፣ ማክሰኞ

ኦቨርታይም። ሃያ ሁለት መስመር። ሦስት ስሕተት፣ ሦስቱም ከትኩረት ማነስ። በግሥ ግንድ መሳሳት ይቅር ይባላል፤ በትኩረት ማነስ መሳሳት አይባልም።

ማርች 15፣ ቅዳሜ

አባባ ለአጭር ጊዜ። ከንግግራቸው ይልቅ የማሽኑ ድምፅ ይሰማል። ስምንቱን ቃል ወደ ስድስት አወረዱት። ይሂድ።

ማርች 22፣ ቅዳሜ

የዛሬውን ትርጉም በቂ ጊዜ ሳልሰጠው ነው ያነበብሁት፤ ይህ አያስመሰግንም። አስራ አንድ ቃል ነበር። አልቆጠሩም። «ይሂድ» አሉ።

«አባባ፣ አስራ አንድ ነው እኮ» አልኋቸው።

«ይሂድ ልጄ።»

ማርች 26፣ ረቡዕ

ማታ ዘይነባ መጣች። እሷ ረመዳንን፣ እኔ ሑዳዴን እንጾማለን። ካፈጠረች በኋላ ሾርባና ሳምቡሳ ይዛ በሩ ላይ ቆመች። «የጾም ነው፤ ምስር ብቻ ነው ውስጡ» አለች። ሶፋው ፊት ባለው የመስታወት ጠረጴዛ ላይ መዝገበ ቃላቱና ሦስት መጻሕፍት ተዘርግተዋል። አየቻቸው። የሙታን ቋንቋ የሚለውን ዛሬ አላነሳችም። እስክበላ ድረስ ጠበቀች፤ ሳህኑንም እሷ አጠበች።

አስራ ሰባት መስመር።

ማርች 27፣ ሐሙስ

ጋሽ መልከጼዴቅ ከአንተም ድረስ ራሳቸው ነድተው ብርቱካን አመጡልኝ። ቤቴ መጥተው አያውቁም። ገና ሳይቀመጡ፣ «ፈተናው መቼ ነበር ያልሽኝ ልጄ?» አሉ።

ከዚህ በፊት አልነገርኋቸውም። «ኤፕሪል ሃያ አምስት ነው፣ ጋሼ። ማን ነገረዎት?»

«ኧ... ሜሪ መሰለችኝ። ዓርብ ነው?»

«ዓርብ ነው።»

«ከፋሲካ በኋላ። ደህና። ደህና ነው። አንቺ ብቻ አጥኚ፤ ሌላ ሐሳብ አታስገቢ።»

ለሜሪም የነገርኋት አይመስለኝም። የምሳሳት ሊሆን ይችላል።

ማርች 29፣ ቅዳሜ

ደወልሁ። ሰርፀ አነሳ። አባባ ተኝተዋል። ሐኪሙ ለጉሮሯቸው ብሎ ከመናገር ከልክሏቸዋል። ትርጉሙን ጽፌ ብልክ ራሳቸው አንብበው እርማቱን በእሱ ስልክ ይልካሉ።

«ድምፅህ ምን ሆኗል?» አልሁት።

«ጉንፋን ነው።»

ላክሁ። ከሁለት ሰዓት በኋላ መልሱ መጣ። ቃል በቃል፦ «በጣም ጥሩ ትርጉም ነው ልጄ፣ ጎበዝ። በርቺ። አባትሽ።»

የላክሁት ዘጠኝ ቃል ነበር። ዘጠኙም እንዳሉ ቀሩ።

መዝግቤዋለሁ።

ማርች 31፣ ሰኞ

በሥራ ላይ አንድ የሳንባ ሕመም መዝገብ ደረሰኝ፤ ሰባ ስምንት ዓመት፣ ወንድ። የሕመሞቹን ቁጥሮች አስገባሁ። የመጨረሻው ሳጥን ሕመምተኛው ከሆስፒታል እንዴት እንደወጣ የሚገልጸው ነው። ቁጥሩ 20 ነበር፤ 20 ማለት በሕይወት አልወጣም ማለት ነው። በቀን ብዙ ጊዜ የማስገባው ቁጥር ነው። ይህን መዝገብ ግን እስከ ከሰዓት በኋላ ሳልዘጋው አቆየሁት። አለቃዬ ስክሪኔ ላይ ክፍት ሆኖ አይታ ችግር እንዳለ ጠየቀችኝ። የለም አልሁ።

ኤፕሪል 5፣ ቅዳሜ

ሰርፀ ሳልደውል ቀድሞ ደወለ። አባባ ደህና ናቸው፣ ጥሩ በልተዋል፣ ተኝተዋል። ምን እንደበሉ ጠየቅሁ። «ሾርባ» አለ። ሌላ ጥያቄ አላቀረብሁም።

የዛሬውን ዓረፍተ ነገር የመረጥሁት ቀላል ስለሆነ ነው። ስተረጉመውም ሁለት የማያስፈልጉ ቃላት ጨመርሁበት፤ ማንም ቢያየው የሚታዩ፣ ለማውጣትም የማይከብዱ። የእርማት ልምምድ እንዲሆን በማሰብ ነው።

መልሱ፦ «አማርኛሽ ትንሽ ያነክሳል። 'በጣም' እና 'ያን' ይውጡ። አባትሽ።»

ሁለቱንም አግኝቷቸዋል። አግኝተዋቸዋል ለማለት ነው።

ኤፕሪል 8፣ ማክሰኞ

ከሰዓት በፊት ሜሪ ወደ ክፍላችን መጣች። አራተኛ ፎቅ ነርስ ናት፤ እዚሁ ተወልዳ ስላደገች አማርኛዋ የራሷ ነው።

«ሀሌታ፣ ሄይ! አንቺ በልተሃል?»

«በልቻለሁ፣ ሜሪ። አመሰግናለሁ።»

«ኦኬ። ኦኬ፣ ጥሩ።» ቆመች። «የአንቺ ሳሎን ውስጥ ያ ቴብል... መስታወት ያለው... እሱ ከባድ ነው? ላይክ፣ አንድ ሰው ብቻዋን ማንሳት ይችላል?»

«ለምን ፈለግሽው?»

ፊቷ ቀላ። «ኖ፣ ኖ፣ እኔ እንደሱ አይነት ልገዛ ነው፣ ለዛ ነው።»

«አንድ ሰው ይችላል» አልኋት። «እግሮቹ ስለሚፈቱ በጎን በኩል መያዝ ያስፈልጋል።»

«ታንክ ዩ» አለችና አቀፈችኝ። ሜሪ ሰው የምታቅፍ አይደለችም።

በክፍል ውስጥ ሁለት ጊዜ ተጠርቼ አልሰማሁም። ምክንያቱ የእንቅልፍ ማነስ ነው።

ኤፕሪል 12፣ ቅዳሜ

ላክሁ። መልሱ ዘግይቶ መጣ። «ስድስት ቃል ይበቃል። ይሂድ። አባትሽ።»

«ይሂድ» የሚለውን ለሰርፀ ነግሬው አላውቅም። አብሯቸው ስለሚኖር ሰምቶት ይሆናል። ስድስት ቃል እንደሚበቃ ግን ቆጥሮ የደረሰበት ነው፤ እኔም ቆጠርሁት፤ ልክ ነው። ለዚህ አንድ ዓረፍተ ነገር ምን ያህል ጊዜ እንደፈጀበት አላውቅም።

ኤፕሪል 14፣ ሰኞ

ለመምህሩ ጻፍሁ፤ ፈተናው ወደ ጁን እንዲተላለፍልኝ። ምክንያት፦ የዝግጅት ማነስ። በአንድ ሰዓት ውስጥ ፈቀዱ። ዝግጅቴ እንደማያንስ እንደሚያምኑ፣ ውሳኔው ግን የእኔ መሆኑን ጨምረው ጽፈዋል። ጁን 20።

ውሳኔው ከጥናት አንጻር የተወሰነ ነው።

ኤፕሪል 15፣ ማክሰኞ

ስለ መራዘሙ ለሚመለከታቸው ሁሉ አሳወቅሁ።

ዘይነባ፦ «ምን? ጁን? ኧረ ወዲያ! እስከ ጁን ማን ይችላል?»

«ምኑን?»

«ጥናቱን ነዋ! ሌላ ምን አለ?» ፊቷን ወደ ማድቤት አዞረች፤ ማድቤቱ ግን የእኔ ነው፤ እዚያ የምትሠራው አልነበራትም።

ጋሽ መልከጼዴቅ በስልክ፦ «የተጀመረ ነገር በቀኑ ማለቅ አለበት ልጄ። እያሳደሩት ይከብዳል።»

«ዝግጅቴ አልበቃም፣ ጋሼ። እርስዎ ነዎት አጥኚ ያሉኝ።»

«እኔ ነኝ» አሉ። «እኔ ነኝ ያልሁሽ።»

ሜሪ በጽሑፍ፦ አንድ የልብ ምልክት ብቻ።

ለሰርፀም ጻፍሁ። አልመለሰም።

ኤፕሪል 17፣ ሐሙስ

ስድስት መስመር። ማንም አልመጣም፣ ማንም አልደወለም። የፈለግሁት ይህ ነበር። ፈተናው እስካለ ድረስ ሰዎች አያስቸግሩኝም።

ኤፕሪል 19፣ ቅዳሜ

የፋሲካ ዋዜማ። ሰርፀ ደወለ። ዛሬ ስለ አባባ መብላትም ስለ መተኛትም አላወራም።

«ሀሌታ፣ እባክሽ ተፈተኝ።»

«ለምን ቸኮልህ?»

«ደክሞኛል።»

«ምን አደከመህ?»

«ይሄ ትርጉምሽ... ለአባባ ማንበቡ ማለቴ ነው። ማታ ማታ ተቀምጬ ምን እንደሚሉ... ምን እንዳሉ እጽፋለሁ። እኔ እንደሳቸው አይደለሁም። አይሆንልኝም።»

«ራሳቸው ያነባሉ ብለኸኝ ነበር።»

«መነጽራቸው ተሰብሮ ነው።» ሲተነፍስ ይሰማኛል። ከኋላው የማሽኑ ድምፅ አልነበረም። «ከሚያዝያ ሃያ አምስት በፊት ብትጨርሺ ለሁላችንም ጥሩ ነው፣ ሀሌታ።»

«ሚያዝያ ሃያ አምስት ምንድን ነው?»

«ምንም። ቅዳሜ ነው።»

«እሺ» አልሁት።

«እሺ ምን?»

«እሺ፣ አስብበታለሁ።»

ስለ ትምህርቴ ይህን ያህል መጨነቁ ከእሱ ያልጠበቅሁት ነው።

ሚያዝያ 25 ሜይ 3 ነው። ከዚያ ወደ ኋላ አርባ ቆጠርሁ። ማርች 25 ላይ ደረስሁ፤ ማክሰኞ ነበር። በማግስቱ ነው ዘይነባ ሾርባውን ያመጣችው።

የማርች 25ን ማስታወሻዬን አየሁ። ምንም አልጻፍሁም ነበር። የክፍል ቀን ስለነበር ተርጉሜ መሆን አለበት።

ኤፕሪል 21፣ ሰኞ

ለመምህሩ ሁለተኛ ደብዳቤ። የማራዘሚያ ጥያቄዬን አንስቻለሁ፤ ዓርብ እፈተናለሁ። ምክንያት አልጻፍሁም። ለሰርፀም አስታወቅሁት። «እግዜር ይስጥልኝ» ብሎ መለሰ። ለፈተና መቀመጥ የሚመሰገንበት ምክንያት የለም፤ ቢሆንም አልመለስሁለትም።

ኤፕሪል 24፣ ሐሙስ

ሠላሳ መስመር። ስሕተት የለም።

ኤፕሪል 25፣ ዓርብ

ተፈተንሁ። የተሰጠን ገጽ ስንዴ ጭና ወደብ ላይ ስለዘገየች መርከብ ነው። ብዙ አልከበደኝም። በመጀመሪያው ሰዓት አጋማሽ ጨርሼ ነበር። ደግሜ አነበብሁት፤ ያለ ሥራ የተቀመጡትን ቃላት አንድ በአንድ አወጣሁ። ከዚያም ተቀመጥሁ። ሌሎቹ ወረቀታቸውን እየሰጡ ወጡ። መምህሩ ሰዓታቸውን አይተው «አልቋል፣ ሀሌታ» እስኪሉኝ ድረስ ወረቀቱን አልለቀቅሁትም።

ከሰዓት በኋላ ሜሪ ጻፈች፦ «ፈተና እንዴት ነበር??? ነገ ሺፍት አለህ?»

ጥያቄውን ጥቂት ጊዜ አየሁት።

«የለኝም። ቤት ነኝ» ብዬ መለስሁ።

ማታ ሳሎኑን አጸዳሁ። ምንጣፉን ለመጥረግ የመስታወቱን ጠረጴዛ እግሮች ፈትቼ ወደ በረንዳ አወጣሁት። ብርጭቆዎቹን ወደ ላይኛው ቁም ሳጥን አስገባሁ። የመብራቱ ማስቀመጫ ሸክላ ስለሆነ እሱንም አነሳሁት። ምንጣፉን ከጠረግሁ በኋላ ጠረጴዛውን መልሶ ማስገባት ይቻል ነበር። መሽቶ ስለነበር ተውሁት።

ኤፕሪል 26፣ ቅዳሜ

ከንጋቱ አስራ አንድ ሰዓት ላይ አራት መኪኖች፣ መብራታቸው የጠፋ። በመስኮት አየኋቸው። ለብሼ ነበር።

ከማንኳኳታቸው በፊት ከፈትሁ። ጋሽ መልከጼዴቅ ከፊት ነበሩ፤ እጃቸው ለማንኳኳት እንደተነሳ ቀረ። ከኋላቸው ዘይነባ፣ ታየች፣ ሜሪ፣ ሌሎችም። የሴቶቹ ነጠላ ተዘቅዝቋል፤ ዘይነባ በጥቁር ሻሽ ነች። ጋሽ መልከጼዴቅ አፋቸውን ከፈቱና ምንም ሳይሉ ዘጉት። አባባ ለምን ዝም እንዳለ የጠየቁኝ መልእክተኛ ትዝ አለኝ።

«ይግቡ፣ ጋሼ» አልኋቸው።

ሜሪ ከሁሉም ቀድማ እየሮጠች ገባች፤ የእሷ ሥራ መስታወቱ ነበር። ሳሎኑ መሐል ደርሳ ቆመች። እጆቿ ተዘርግተዋል። ባዶውን ምንጣፍ አየች፣ ወደ አባቷ ዞረች። «ዳዲ... ቴብሉ የለም።»

ሁሉም ወለሉን አዩ። ጋሽ መልከጼዴቅ ከወለሉ ወደ እኔ ቀና አሉ።

«ከመቼ ጀምሮ ነው ልጄ?» አሉ።

«ይናገሩ፣ ጋሼ። ለመናገር ነው የመጡት።»

ተናገሩ። አባባ መጋቢት አስራ ስድስት፣ ማርች 25፣ ሌሊት በእንቅልፋቸው አርፈዋል። ሰርፀ አጠገባቸው ነበር። በማግስቱ ተቀበሩ።

ዘይነባ ሁለት ክንዴን ከኋላ ይዛኝ ነበር። አልወደቅሁም። እሷ ግን አልለቀቀችኝም፤ ቀስ በቀስ ክብደቷን ሁሉ እኔ ላይ ጣለችው፤ ስታለቅስ የቆምሁት ለሁለታችን ነበር። «ሀሌትዬ፣ ስንት ቀን ደጅሽ ድረስ መጥቼ ተመለስሁ» ትላለች። ታየች ስልኬን ተቀበለችኝ፤ የእሷ ድርሻ ነበር። ጆሮዬ ላይ ተጠግታ፣ «አንቺ ደግሞ እንዴት ቻልሽበት?» አለችኝ።

ቀኑን ሙሉ ሰው ገባ፣ ወጣ።

ማታ ታየች ስልኬን ስትመልስልኝ ለሰርፀ ደወልሁ። እሱ ዘንድ ነግቷል።

«መቼ አወቅሽ?» አለኝ።

«'ጎበዝ' ያልኸኝ ቀን።»

አፍንጫውን ሳበ። «እንደዚያ እንደማይሉ አውቄያለሁ እኮ። ከላክሁት በኋላ ነው ትዝ ያለኝ። 'ያነክሳል' የሚለውስ?»

«እሱ ጥሩ ነበር።»

«እውነት?»

«አዎ። ስድስት ቃሉም ልክ ነበር።»

ያን ጊዜ ነው ያለቀሰው። እስኪጨርስ ጠበቅሁት። «ታዲያ ለምን አልጠየቅሽኝም? አንድ ጊዜ ብትጠይቂኝ እነግርሽ ነበር» አለ። ሄዶ ትንሽ እንዲተኛ ነገርሁት።

ዘይነባ ሶፋው ላይ እንቅልፍ ወስዷታል። ጠረጴዛው ገና በረንዳ ላይ ስለሆነ ይህን የምጽፈው ጉልበቴ ላይ ነው።

ዛሬ ቅዳሜ ነው። ከመልመጃው ሳይተረጎም የቀረ አንድ ዓረፍተ ነገር ነበር፤ ስለ አንድ ገበሬና ስለ በሬዎቹ ነው። መጀመሪያ ዘጠኝ ቃል ወጣኝ። ሁለት ጊዜ አሳጠርሁት። አሁን አራት ቃል ነው፤ ከዚያ በታች አይወርድም።

አልላክሁትም።